ሰጋቱራ

የቀሰቀሰኝ ፓምፑ ነው፤ አባቴ አልጠራኝም፤
ድሮ በሌሊት አንዴ ነበር የሚያስነጥሰው፣ ሰሞኑን አልተኛም።
ከአልጋዬ ወረድኩ። ቺሎዌ ላይ እንደ ልማዱ ይዘንባል፤
ከላይ የመጣው ውሃ፣ ከታች ከመጣው ጋር ይማከራል።

አባቴ ኤሊሴዮ ዋይኪን ወለሉን ነቅሎ፣
ባትሪውን በጥርሱ ነክሶ፣ ጉልበቱን ውሃ ውስጥ ጥሎ፣
«ስሚ» አለኝ።
ሰማሁ። ምንም።
«ስሚ እንጂ!»
አንዲት ቀጭን ድምፅ፤ ሹክሹክታም አትባል፣ ሲቃም፤
ሕፃን ጡት እየጠባ እንቅልፍ ሲወስደው ዓይነት፣
ከንፈሩ ላይ የምትቀር ያቺ ትንሽ ምጥጠት።

ጀልባችን ቴርካ ትባላለች፤ «እልኸኛዋ» ማለት ነው፤
ያወጣላት አያቴ ነው፤ ስሙ ለሱ ይበልጥ የሚገባው።
ወጉ ወደ የብስ ጎትቶ፣ አድርቆ መጠገን ነበር፤
ዶን ባልዶሜሮ ግን «ከፋሲካ በፊት ቦታ የለም» ብሎናል፤
ዘጠኝ ጀልባ ከፊታችን ተሰልፏል፤
የዛጎሉ ለቀማ ደግሞ ሰኞ ይጀምራል።
«እንግዲያ ቆማ ትታከም» አለ፤
«እኛስ መቼ ተኝተን ታከምን?»

ውሃውን በኩባያ ቀዳን፤ የቀረውን በጨርቅ መጠጥን።
ከዚያ «ዱቄቱን አምጪ» አለኝ፤ የዳቦውን ነጭ ዱቄት፤
የእናቴን ቁጣ እያሰብኩ አመጣሁለት በስስት።
ነሰነሰው በሆዷ ላይ፣ እንደሚጋገር ነገር፤
ጠበቅን። ዝናቡ ብቻ ነበር የሚናገር።
መጀመሪያ ምንም። ኋላ፣ ከአራተኛው ሳንቃ ሥር፣
በነጩ ላይ ተጻፈች አንዲት ግራጫ የፀጉር መስመር።

ይቺን ታህል! ጥፍሬ እንኳ አይገባባትም!
ሦስት ሌሊት ያስነሣችን እሷ ናት ቢሉት ማንም አያምንም።
ቅጥራን ላምጣ አልኩት፤ ከዚሁ ልድፈናት።
ራሱን ነቀነቀ፦
«ከውስጥ የወተፍሽውን ውሃው መልሶ ይተፋዋል፤
ከውጭ የመጣለትን ግን ራሱ ይጎርሰዋል።»

ቀን ከመጋዝ ቤት የለመነውን ከረጢት ፈታ፤ ሰጋቱራ።
የወተት ጣሳ በሽቦ ቀዘፋው ጫፍ ላይ አሰረ፣
ሞላው፣ ወጣ፣ ዝናቡ ውስጥ በደረቱ ተኛ፣ ሳንቃዎቹን በጣቱ ቆጠረ፤
ጣሳውን አፉን ደፍቶ ከሆዷ ሥር አጠለቀ፣
አራተኛው ጋ ሲደርስ ቀና አድርጎ ነቀነቀ።

እኔ ውስጥ ነኝ፤ ባትሪው አሁን በእኔ ጥርስ፤
«ምን ይታይሻል?»
«ውሃ።»
ደግሞ ሞላ። «አሁንስ?»
«ውሃ።»
የሱ እጅ ከውጭ፣ የእኔ ዓይን ከውስጥ፣ መሃላችን የሁለት ጣት እንጨት፤
እንዲህ ተቀራርበን አናውቅም ነበር እስከዚያች ሌሊት።

በአራተኛው ጣሳ ይሁን በአምስተኛው፣ ቆጠራው ጠፍቶብኛል፣
ከስንጥቋ አፍ አንዲት ቡናማ ቅንጣት ብቅ አለች፤
ከኋላዋ ሌላ፤ መስመሯ ቀጠነች፣
ተንተባተበች፣
ቆመች።
ሊያሰጥመን የመጣው ውሃ መድፈኛውን ራሱ ተሸክሞ፣
ገባና በሩን ዘጋው፣ ደጃፉ ላይ ተጋድሞ።

ፓምፑ አንዴ ሳለና ዝም አለ።
ለካ ጆሮዬ ለምዶት ኖሯል፤ ዝምታው አስደነገጠኝ።
አባቴ ከነዝናቡ ገባ፤ ጣቱን በሳንቃው ላይ አሳለፈ፤
«ገና ታልባለች» አልኩት።
«ታልብ» አለ፣ ጫማውን እየገለበጠ፣
«ላብ ምን ያደርጋል፣ የሚሠራ ሁሉ ያልበዋል።»
ብዙም አልቆየ፤ እዚያው ነቃቅሎ በተዋቸው ሳንቃዎች መሃል
አንኮራፋ።

ጠዋት እናቴ ከእኅቷ ቤት መጥታ፣ ዱቄቱን ፈለገች፤
ማሰሮውን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ደግማ ከፈተች።
አባቴ ወደ እኔ አየ፤ እኔ ወደ ወለሉ።
ሳንቃውን አነሣሁላት፤ ምን ልበል?
ሊጡ በቴርካ ሆድ ውስጥ ተቦክቶ አድሯል።
ጎንበስ ብላ በጣቷ ነካ አደረገችው፤ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች፤
ኋላም፣
«እርሾ ረስታችኋል» አለች።